እሳቱ ሰ

ከማዘጋጃ ቁልቁል፣ ምሰሶ ላይ ተለጥፎ፣
ዝናብ ጠርዙን ልጦት፣ ወደ አስፋልቱ ታጥፎ፣
አገኘሁት ማስታወቂያውን፣ ታክሲ ስጠብቅ፤
«የሀሌታ ኮምፒውተር መሥራች፣ አቶ ልሣነወርቅ…»
ቆሜ አነበብኩ። ደግሜ አነበብኩ።
ከዚያ፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ሳቅኩ።

ስሙን በንጉሡ ሠ ጽፈውታል፤
እሱ እኮ በእሳቱ ነው፤ ቢያየው ከሣጥኑ ወጥቶ ይጮህብኛል።

አራተኛ ፎቅ ነበርን፣ ፒያሳ፣ ከወርቅ ቤቶቹ አናት፣
ሊፍቱ ከተተከለ ጀምሮ አንድ ቀን ያልሠራበት፤
ሁለት ኮምፒውተር፣ አንድ ማተሚያ፣ ጩኸቱ የቆርቆሮ ላይ በረዶ፣
ሎተሪ አዟሪው ሳይቀር የሚሰማው ከመንገዱ ማዶ።
እኔ ትርንጎ፣ የልደታ ፍርድ ቤት ደጅ ማመልከቻ ጸሐፊ፣
በጥላ ሥር፣ በታይፕ፣ ከሰው ክስ ሳንቲም አትራፊ።
«ጣትሽ ፈጣን ነው» አለኝ፤ «ነይ፣ ፊደል እናስቆጥር።»
«ማንን?» አልኩት። «ብረቱን» አለ። ያበደ መስሎኝ ነበር።

አንድ ሐሙስ፣ ደረጃውን እያለከለከች፣ አንዲት ባልቴት መጣች፤
የባሏን የአርባ መታሰቢያ ከቦርሳዋ አወጣች።
ኃይለልዑል የሚለው ስም ላይ፣ በብዙኃኑ ኃ ቦታ፣
አንዲት ባዶ ሳጥን፣ እንደ ትንሽ መቃብር፣ አፏን ከፍታ።
«ልጄ፣ ባሌን አንዴ ቀብሬዋለሁ» አለች፤ «ደግሞ እናንተ?»
ልሳነወርቅ መልስ አልነበረውም። ወንበሩን ወደሷ ጎተተ።
ሌሊቱን አደረ፣ ጊዮርጊስ ለኪዳን እስኪደወል፣
ኀን ከነስድስት ልጆቿ ነጥብ በነጥብ ሲተክል።
ገንዘቧን አልተቀበላትም። (የኔ ደሞዝ ግን ሦስት ወር ቆይቷል፤
ይህም ይጻፍ። የሞተ ሰው እውነት ቢነገርለት ምን ይጎዳል?)

ቅዱስ አልነበረም። ሸሪኩ ዘርጋው «ቦታ ጠበበን፤
ሦስት ሀ ምን ይሠራል? ሁለቱን እንጣላቸው» ቢለን፣
መተርኮሻ ወረወረበት። ፎቁ እስኪፈርስ ግድግዳው ላይ ምልክቱ ነበር።
ዘርጋው ሄደ። መኪና አስመጪ ሆነ። ቤት ሠራ፣ ባለ ሁለት በር።
የልሳነወርቅ ሚስት የአንገት ሐብሏን ከእኛው ሥር፣ ምድር ቤት ሸጠች፤
ሚዛኑን ሳታይ፣ አሉ፣ ደረጃውን እያየች።

አንዷን ፍሎፒ ለአንድ መሥሪያ ቤት ሸጥን፤ በወሩ አራት ኪሎ ገባች፣
ሜክሲኮ፣ ካዛንቺስ፣ ስታዲየም ሥር፣ ማንም ሳይከፍል ተባዛች።
አቤቱታ ተጻፈባት፣ የሠርግ ጥሪ፣ የኪራይ ውል፣ የፍቺ ወረቀት፣
የአንዱ ልጅ የፍቅር ደብዳቤ፣ በስሙ ፈንታ ነጥብ ያለበት።
እኔ «ሌቦች!» እያልኩ ስቆጥር፣ እሱ ከየግድግዳው እያነበበ፣
«እይው፣ ትርንጎ፣ ሐመሩን ሐ አልሳቱትም» ይላል፤ ኪሱ ባዶ፣ ዓይኑ የጠገበ።

ዛሬ ፎቁ የለም። በቦታው ሣር፣ የእግር መንገድ፣ መብራት የተጠመጠመበት ዘንባባ፤
አንዲት ልጅ አግዳሚ ላይ፣ በአውራ ጣቷ ፊደል ስትገነባ፣
ጎኗ ተቀምጬ ሰረቅ አድርጌ አየሁ፤
ያ የ«ቋ» ጅራት፣ ያ የ«ጨ» ጉልበት፣ ከሱ እጅ የወጣ ነው።
«ማን ሠራው?» ብላት ግራ ገባት፤ «ከስልኩ ጋር የመጣ ነው።»

ማስታወቂያውም የታተመው በሱ በራሱ ፊደል ነበር፤
ስሙን ያሳሳተው ልጅ፣ ሳያውቅ፣ የሱን እጅ ተውሶ ነበር።
እስክሪብቶ አወጣሁ። ያቺን ሣ ላቀና፤
ንጉሥ ሆኖ አያውቅማ! እሳት ነበር እንጂ፣ ሞቄዋለሁና፣
ፈጅቶኛልና።
ወረቀቱ ግን ርሷል፣ ቀለም አልይዝ አለ፤ ታክሲው ደረሰ።
«ሳሪስ! ሳሪስ!» ይላል ረዳቱ፤ ድምፁ በጉንፋን የሻከረ፣ ያነሰ፤
በየትኛው ሰ እንደሚጮህ ጆሮ አይለይም።
ገባሁ። እስከ ስታዲየም ድረስ
የእስክሪብቶውን ክዳን አልገጠምኩትም።